«አትንኪኝ»፦ ማሪያ ክላራና ሲሳ በአንድ ልቦለድ ውስጥ ለምን ጎን ለጎን ቆሙ?

በፊሊፒንስ አንዲት ልጃገረድ «ማሪያ ክላራ ናት» ከተባለች ጭምት፣ ዓይነ አፋር፣ ለወላጅ ታዛዥና ድምፅዋ ከቤት የማይወጣ ናት ማለት ነው። ጸጉሯ ተበታትኖ ብቻዋን እያወራች የምትሄደውን ደግሞ «ሲሳ» ይሏታል፤ አንዳንዴ በሐዘኔታ፣ ብዙ ጊዜ ግን በፌዝ። ሁለቱም ስሞች የወጡት ከአንድ መጽሐፍ ነው። ፊሊፒናዊው የዓይን ሐኪም ሆሴ ሪዛል በስፓኒሽ ጽፎ በ1887 በርሊን ላይ ያሳተመው «ኖሊ ሜ ታንጌሬ» የተባለው ልቦለድ ከ1956 ጀምሮ በአገሩ ትምህርት ቤቶች እንዲነበብ በሕግ ተደንግጓል። ስለዚህ በቤሩት ወይም በዱባይ ከኢትዮጵያውያን ጋር በአንድ ቤት ወይም በአንድ ሆስፒታል የሚሠሩ ፊሊፒናውያንን ስለ ሲሳ ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ የተማሪነት ትዝታቸውን ያወጉላችኋል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2022 መገባደጃ የዘመናችን የነርስነት ተማሪ ወደ ልቦለዱ ዓለም ገብታ ከማሪያ ክላራ ጋር ስትወዳጅና ስትሟገት የሚያሳይ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ በዚያ አገር ብዙ ተመልካች ካገኘ ወዲህ አንድ የቆየ ጥያቄ እንደገና አደባባይ ወጥቷል። ደራሲው ማሪያ ክላራን የሴት ልጅ አርአያ፣ ሲሳን ደግሞ የመከራ ምሳሌ አድርጎ ነው ወይ ያቀረባቸው? ብዙ ሰው «አዎ» ብሎ ይመልሳል። መጽሐፉን ገልጠን ስንከተለው ግን ሁለቱ ሴቶች አንዷ ከፍ፣ አንዷ ዝቅ ብለው የተቀመጡ አይደሉም። አንድን በሽታ ከሁለት ወገን እንዲያሳዩ ሆነው ነው የተሣሉት።

ርእሱ ምን ማለት ነው?

ርእሱ ላቲን ነው፤ ነገር ግን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ቃሉን ቀድሞ ያውቀዋል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ከሙታን የተነሣው ክርስቶስ ለመግደላዊት ማርያም የተናገረው «አትንኪኝ» የሚለው ቃል ነው። ላቲኑ ለወንድም ለሴትም አንድ ሆኖ ሳለ፣ አማርኛችን ሰሚዋ ሴት መሆኗን በቃሉ ውስጥ አብሮ ይናገራል። ስለ ልቦለዱ ሴቶች ለሚያስብ ሰው ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ሪዛል መጽሐፉን ለአገሩ ሲያበረክት በጻፈው መግቢያ፣ ጥቂት ሲነካ ክፉኛ ስለሚያም ነቀርሳ ያወሳል። የጥንት ሰዎች ሕመምተኞቻቸውን በቤተ መቅደስ ደረጃ ላይ አስቀምጠው መንገደኛው ሁሉ መድኃኒት እንዲጠቁም ያደርጉ እንደነበር አስታውሶ፣ እርሱም የአገሩን ሕመም እንዲሁ በአደባባይ እንደሚገልጥ ይናገራል። ስለዚህ «አትንኪኝ» ሁለት ነገር ያዘለ ቃል ሆኗል፤ በአንድ በኩል የተቀደሰውን እንዳይነኩ መከልከል፣ በሌላ በኩል የሚያምን ቁስል እንዳይነኩ መለመን። ይህ ሁለትነት ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ሕመሙ ምን ነበር?

ስፔን ፊሊፒንስን ከ1565 እስከ 1898 ገዝታለች። ከማኒላ በራቁት ከተሞች ግን ሕዝቡ በዓይኑ የሚያየው ስፔናዊ ብዙ ጊዜ የደብሩ መነኩሴ ብቻ ነበር። በስፓኒሽ «ፍራይሌ» የሚባሉት እነዚህ መነኮሳት እንደ ፍራንሲስካውያንና ዶሚኒካውያን ያሉ የካቶሊክ ማኅበራት አባላት ነበሩ። የሥልጣናቸውን መጠን ለመገመት አንባቢ የራሱን ሰፈር ያስብ። ኃጢአታችሁን የምትናዘዙላቸው የነፍስ አባት፣ የቀበሌ መታወቂያችሁን የሚያጸድቁትም፣ የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት የሚቆጣጠሩትም፣ ስለ ጠባያችሁ ለመንግሥት የሚመሰክሩትም እርሳቸው ቢሆኑ፣ በዚህ ላይ ማኅበራቸው የምታርሱት መሬት ባለቤት ቢሆን፣ ከእርሳቸው ጋር የተጣላችሁ ቀን ለማን ትከሳላችሁ?

አገሬውን ስፔናውያኑ «ኢንዲዮ» ይሉት ነበር፤ ቃሉ ንቀት አለበት። ከስፔናዊ ወይም ከቻይናዊ የተወለደች ክልስ ደግሞ «ሜስቲሳ» ትባላለች። ታሪኩ የሚጀምረው ክሪሶስቶሞ ኢባራ የተባለ ወጣት ለ7 ዓመት አውሮፓ ቆይቶ ሲመለስ ነው። አባቱ በእስር ቤት እንደሞቱና አስከሬናቸው ከመቃብር ተቆፍሮ ወጥቶ መጨረሻው ሐይቅ እንደሆነ ይሰማል። ቂም ከመያዝ ይልቅ በትውልድ ከተማው በሳን ዲዬጎ ትምህርት ቤት ሊያሠራ ይነሣል፤ በመጨረሻም በሐሰት የዐመፅ ክስ ይጠፋል። የወንዶቹ ታሪክ በአጭሩ ይኸው ነውና በእርሱ ላይ አንቆይም።

ማሪያ ክላራ ማን ናት?

ማሪያ ክላራ የኢባራ እጮኛ ናት። አባቷ ካፒታን ቲያጎ የናጠጠ ሀብታምና ሥልጣን ላለው ሁሉ የሚያጎበድድ ሰው ነው። እናቷ ዶኛ ፒያ ለብዙ ዓመታት ልጅ አጥታ ኖራ፣ ልጅ ያጡ ሴቶች ወደሚሳሉበት ወደ ኦባንዶ ሄዳ ከተሳለች በኋላ አርግዛ ወለደች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ልጅቱን አክስቷ ኢሳቤል አሳደገቻት፤ ከዚያም ማኒላ በሚገኝ የሴቶች ገዳም ውስጥ ገብታ ተማረች። መልኳ ወደ ፈረንጅ ያደላል። የቲያጎ ዘመዶች አባትነቱን የሚያረጋግጡት በትናንሽ ጆሮዎቿ ነው፤ ጆሮዋ የእርሱ ነው ይላሉ። ሪዛል እዚህ ላይ እየሣቀ ነው። ሣቁ ግን ፍንጭ ነው፤ እውነተኛ አባቷ የሳን ዲዬጎ ደብር አለቃ የነበረውና የክርስትና አባቷ ነኝ እያለ የሚመላለሰው መነኩሴ፣ አባ ዳማሶ ነው።

እርሷ ይህን የምታውቀው ዘግይታ፣ በጭካኔ ነው። አባ ዳማሶን የተካው አባ ሳልቪ ለልጅቱ የተደበቀ ምኞት ያለው መነኩሴ ነው። እናቷ እርጉዝ ሳለች የጻፈቻቸውን፣ ፅንሱን የረገመችባቸውን ደብዳቤዎች እጁ አስገብቶ ለድርድር ያቀርብላታል፤ የእናትሽን ደብዳቤዎች ውሰጂ፣ ኢባራ ወደ አውሮፓ ሊሄድ ሲል የጻፈልሽን ደብዳቤ ስጪኝ ይላታል። ትሰጠዋለች። ያ የፍቅር ደብዳቤ ፍርድ ቤት ቀርቦ በእጮኛዋ ላይ ማስረጃ ይሆናል።

ብዙ አንባቢ የሚፈርድባት እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ ደካማ፣ ከሃዲ ትባላለች። ይሁን እንጂ ያ ውሳኔ ከምን ከምን መካከል የተወሰደ እንደሆነ መቁጠር ይገባል። በአንድ ወገን የሞተች እናቷ ስም፣ አሳዳጊዋ የቲያጎ ክብርና የወላጅ አባቷ ምሥጢር አለ፤ በሌላው ወገን ገና ያላገባችው ሰው አለ። የምትማከረው ሰው የላትም፤ ብትናዘዝ እንኳ የምትናዘዘው ለመነኩሴ ነው። ኢባራ ከእስር አምልጦ በሌሊት ሊሰናበታት ሲመጣ ይህን ሁሉ ራሷ ትነግረዋለች፤ ይቅርታ እንዲያደርግላት ከመለመን ይልቅ እውነቱን እንዲያውቅ መፈለጓ ጎልቶ ይታያል። በመጽሐፉ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ በራሷ ቃል የምትናገረው በዚያ ሌሊት ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ሲሳስ?

ሲሳ የምትኖረው ከከተማው ወጣ ባለች ጎጆ ውስጥ ነው። ባሏ ቁማርተኛና ተደባዳቢ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆቿ ባሲልዮና ክሪስፒን በቤተ ክርስቲያኑ ደወል እየደወሉ ጥቂት ሳንቲም ያገኛሉ። ማሪያ ክላራ ረጅም የቤተሰብ ስም ሲኖራት፣ ለሲሳ ደራሲው የአባት ስም እንኳ አልሰጣትም።

መጀመሪያ የምናገኛት ራት ስትሠራ ነው። ልጆቿ ስለሚመጡ ከወትሮው የተሻለ ነገር አዘጋጅታለች፤ ትናንሽ ዓሣ፣ ቲማቲም፣ አንድ ደግ ሽማግሌ የሰጧትን የዱር አሳማ ሥጋና የዳክዬ እግር። ባሏ ድንገት ገብቶ ሁሉንም ይበላና ይሄዳል። እርሷም አልቅሳ ስታበቃ እንደገና ሩዝ ትቀቅላለች፤ የቀሯትን 3 ሰርዲኖች ትጠብስና ለእያንዳንዳቸው አንድ ተኩል ይደርሳቸዋል ብላ ታሰላለች። ድህነትን ለማስረዳት ብዙ ገጽ የሚፈጁ ደራሲዎች አሉ፤ ሪዛል በዚህች አንድ ተኩል ዓሣ ጨርሶታል።

ያን ሌሊት ግን ክሪስፒን አይመጣም። ሁለት የወርቅ ሳንቲም ሰረቀ ተብሎ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እየተደበደበ ነው። ባሲልዮ በጥይት ግንባሩን ተጭሮ ብቻውን ያመልጣል። በማግስቱ ሲሳ ለመነኩሴው እጅ መንሻ የሚሆን አትክልት በመሶብ ይዛ ልጇን ልትጠይቅ ትሄዳለች፤ ልጆችሽ ሌቦች ናቸው ብለው ያባርሯታል። ከዚያም ሁለት ወታደሮች የሌቦች እናት ብለው ይዘዋት፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ በሚወጣበት ሰዓት በከተማው መካከል ይወስዷታል። የምትለምናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የታሰረች እንዳትመስል ጥቂት እርምጃ ቀድማቸው እንድትሄድ። ከጦር ሰፈሩ ስትለቀቅ ቤቷን ባዶ ታገኘዋለች፤ ደም የነካው የባሲልዮ ልብስ ቁራጭ ብቻ አለ። አእምሮዋ የሚናወጠው ያን ጊዜ ነው። የክሪስፒን አስከሬን አልተገኘም፤ ልቦለዱም የት እንደደረሰ ሳይነግረን ያልፋል።

ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

የተለመደው መልስ አንዷ ሀብታም፣ አንዷ ድሃ፤ አንዷ ድንግል፣ አንዷ እናት የሚል ነው። ሁሉም ትክክል ነው፤ ዋናውን ግን አያሳይም። ለዚህ አማርኛ «ገመና» የሚል ጥሩ ቃል አለው። ገመና ሰው ከዓይን የሚሸፍነው የራሱና የቤቱ ጉዳይ ነው፤ ሲከደን ክብር፣ ሲገለጥ ውርደት ነው። ማሪያ ክላራን ያጠፋት የተሸፈነ ገመና ነው፤ በፖስታ ታሽጎ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ፣ ማንም ሳያየው የሚሠራ። ሲሳን ያጠፋት የተገለጠ ገመና ነው፤ ያውም የሌላት ገመና፣ ልጆቿ ያላደረጉት ስርቆት፣ በጠራራ ፀሐይ በሕዝብ ፊት የተለጠፈባት። ለባለጠጋዋ ሴት ልጅ ዛቻው «እገልጥብሻለሁ» ነው። ለድሃዋ ዛቻ አያስፈልግም፤ በቀጥታ ይገለጥባታል።

ሁለቱንም ክሮች ወደ ኋላ ብንጎትት አንድ ቤት እንደርሳለን። የክሪስፒን ክስ የወጣው ከአባ ሳልቪ ቤት ነው፤ የማሪያ ክላራ ድርድርም ከዚያው ሰው ነው። አንድ እጅ በወረቀት አንዷን፣ በወታደር ሌላዋን ያዘ።

ይህን ግንኙነት ከማንም በላይ የሚያውቀው ደግሞ ሳይታሰብ አባ ዳማሶ ሆኖ ይገኛል። ኢባራ ሞተ የሚል ወሬ ከተሰማ በኋላ ማሪያ ክላራ የታጨችለትን ስፔናዊ ወጣት አላገባም፣ ወይ ገዳም ወይ ሞት ስትለው፣ መነኩሴው አልቅሶ ለምን ከኢባራ ሊለያት እንደፈለገ ይናዘዛል፤ የአገሬው ተወላጅ አግብተሽ ያልታደለች ሚስትና መከረኛ እናት ስትሆኚ እንዴት ልይ ይላታል። ያልታደለች ሚስት፣ መከረኛ እናት፤ ይህ የሲሳ ሥዕል ነው። ሥርዓቱን በእጁ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ሥርዓቱ በአገሬው ሴቶች ላይ የሚያደርገውን አሳምሮ ያውቃል፤ የሚፈልገው የራሱ ልጅ ብቻ እንድታመልጥ ነው።

ሁለቱ ሴቶች ተገናኝተው ያውቃሉ?

አዎ፤ ብዙ አንባቢ በፍጥነት የሚያልፈው፣ በእኔ ግምት ግን የመጽሐፉ እምብርት የሆነ አንድ ትዕይንት አለ። በሳን ዲዬጎ ከተማ በዓል ዋዜማ ምሽት ማሪያ ክላራ ከጓደኞቿና ከኢባራ ጋር በከተማው ስትዘዋወር የሥጋ ደዌ ያለበት ሰው ያጋጥማታል። ሰው ይሸሸዋል፤ ምጽዋት የሚጣልለት ከሩቅ ነው። እርሷ አዝና፣ አባቷ የሰጣትን በአልማዝ ያጌጠ የአንገት ጌጥ አውልቃ ቅርጫቱ ውስጥ ትጥልለታለች። ሰውየው የቆመችበትን መሬት ይስማል። እርሷም ያልታደሉ ሰዎችም አሉ ለካ ትላለች፤ ለካ የምትለዋ ቃል ስንት ዓመት በግንብ ውስጥ እንዳደገች ታሳያለች።

ከዚያ ሲሳ ትመጣለችና ደዌ ያለበትን ሰው ክንዱን ይዛ ለልጆቿ አብሯት እንዲጸልይ ትለምነዋለች። ሕዝቡ በድንጋጤ ለዩአቸው፣ እብዷ ሊጋባባት ነው እያለ ይጮኻል።

አሁን ወደ ርእሱ እንመለስ። ማሪያ ክላራ ያላትን ውድ ነገር ሰጥታለች፤ አልነካችም ግን። የምትሰጠው የላትም የተባለችው ሲሳ ነካች። «አትንኪኝ» በሚል መጽሐፍ ውስጥ የተከለከለውን ቁስል በእጇ የያዘች ሴት፣ ከተማው አእምሮዋን ስታለች ያላት ናት። ይህ ማለት ማሪያ ክላራ ግብዝ ናት ማለት አይደለም፤ ደግነቷ እውነተኛ ነው፤ ክንዷ ግን እስከዚያ ድረስ እንዲዘረጋ ሆና አላደገችም።

ሌሎቹ ሁለት ወይዘሮዎች ለምን ገቡ?

ልቦለዱ ውስጥ ሁለት የሚያስቁና የሚያስፈሩ ሴቶች አሉ። ዶኛ ቪክቶሪና የአገሬው ተወላጅ ሆና ሳለ ስፔናዊ ነኝ የምትል፣ ፊቷን በዱቄት የምትለስን፣ 45 ዓመቷን በራሷ ሒሳብ 32 የምታደርግ፣ ለክብር ብላ አንካሳና ሐሰተኛ ሐኪም የሆነ ስፔናዊ ያገባች ሴት ናት። በእርሷ ላይ መሣቅ ቀላል ነው፤ ሪዛልም ይሥቃል።

ዶኛ ኮንሶላሲዮን ግን ከዚህ ትከብዳለች። ቀድሞ ልብስ አጣቢ ነበረች፤ አሁን የወታደሮቹ አዛዥ ሚስት ናት፤ የእናቷን ቋንቋ ታጋሎግን ረስቻለሁ ትላለች፤ ስፓኒሹንም በቅጡ አታውቀውም። በበዓሉ ቀን ባሏ አለባበሷ ያሳፍረኛል ብሎ ቅዳሴ እንዳትሄድ ይከለክላታል። ተናዳ ቤት ተቀምጣ ሳለ ከታች የምትዘፍነዋን ሲሳን አስጠርታ በፊቷ እንድትዘፍን ታዛለች። ሲሳ ትዘፍናለች። ዘፈኑ የወይዘሮዋን ልብ ይነካና፣ ተይ አትዝፈኚ፣ ግጥሙ ያመኛል ትላለች፤ የምትለው ግን ጥርት ባለ ታጋሎግ ነው። አጠገባቸው የቆመው ወታደር ለካ ታጋሎግ ታውቃለች ብሎ ይገረማል። የተደበቀው ማንነቷ በሰው ፊት ተገለጠ፤ እርሷም ገመናዋን ላየችባት እብድ አለንጋ አነሣች። ወታደሩን ታስወጣና ሲሳን እግሯን እየገረፈች ታስጨፍራታለች፤ የሚያስጥላት የገዛ ባሏ መምጣት ነው።

ሪዛል እዚህ ላይ ስለ ቅኝ ግዛት አሠራር አንድ ነገር በቀጥታ ሳይናገር ያሳያል። ከበላይ የሚመጣ ንቀት እታች ደርሶ አይቆምም፤ የተናቀችው ከእርሷ በታች ያለችውን ትፈልጋለች። ሲሳን በአካል የገረፈቻት መነኩሴ ወይም ስፔናዊ ሳትሆን እንደ እርሷ ከድህነት የተነሣች ሴት ናት።

አንዲት አምስተኛ ሴትም ነበረች። ሳሎሜ የተባለች፣ ከሐይቅ ዳር የምትኖር፣ የምትወደውን ስደተኛ ኤሊያስን ከእኔ ጋር ኑር ብላ በራሷ አፍ የምትጠይቅ ወጣት። ምዕራፉ የኅትመት ወጪ ለመቀነስ ተቆርጦ ቀረ፤ ሪዛል 2,000 ቅጂ ያሳተመው ከወዳጁ ማክሲሞ ቪዮላ በተበደረው 300 ፔሶ ነበር። በኋላ በወጡ እትሞች ምዕራፉ ተመልሶ ገብቷል። ከመጀመሪያው ብትኖር ኖሮ በማሪያ ክላራ ላይ የተደረገው ንባብ ይለወጥ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ነፃነት ያላት ሴት በመካከላቸው ብትቆም ጭምትነቱ እንደ ብቸኛ ምርጫ አይታይም ነበርና።

ሪዛል ማሪያ ክላራን አርአያ ሊያደርጋት አስቦ ነበር?

አርአያ ያደረጓት ከእርሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። ስፔናውያኑ ከሄዱ በኋላ ስሟ ለአገር ልብስ ወጣ፤ እጅጌው ሰፋ ያለው፣ ትከሻን በሻርፕ የሚሸፍነው ቀሚስ እስከ ዛሬ «ማሪያ ክላራ» ይባላል። ጭምትነቷም ከቀሚሱ ጋር አብሮ ተሰፋ። ፊሊፒናዊቷ ጸሐፊ ካርሜን ጌሬሮ ናክፒል በዚህ ተበሳጭታ፣ በመቶ ዓመት ውስጥ በፊሊፒናዊት ሴት ላይ ከደረሱት መከራዎች ትልቁ ማሪያ ክላራ ናት እስከ ማለት ደርሳለች።

ሪዛል ራሱ ግን ምስክርነት ትቶልናል። በታኅሣሥ ወር 1888 በማሎሎስ ከተማ 20 ያህል ወጣት ሴቶች ስፓኒሽ የሚማሩበት የማታ ትምህርት ቤት እንዲፈቀድላቸው ለስፔኑ ጠቅላይ ገዢ ለቫሌሪያኖ ዌይለር አቤቱታ አቀረቡ። የደብሩ መነኩሴ ተቃወመ፤ እነርሱ ግን አልተመለሱም። ለንደን የነበረው ሪዛል በየካቲት 1889 በታጋሎግ ረጅም ደብዳቤ ጻፈላቸው። በዚያ ደብዳቤ መክፈቻ፣ ልቦለዱን ሲጽፍ በአገሩ ወጣት ሴቶች ዘንድ ድፍረት የተለመደ ነገር ነው ወይ ብሎ ራሱን ጠይቆ እንደነበር፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸውን ቢያስብ እንደሚመኘው የሆኑት ጥቂት ብቻ እንደነበሩ ይነግራቸዋል። ይህን የጻፈ ሰው ማሪያ ክላራን የደረሰበት ግብ አድርጎ አላቆማትም። ያየውን ጻፈ፤ የሚመኘውን ኋላ በማሎሎስ አገኘ።

ያየው ነገር ደግሞ ከቤቱ ይጀምራል። ማሪያ ክላራን የቀረጻት በወጣትነት ፍቅረኛው በሊዮኖር ሪቬራ መልክ እንደሆነ ይነገራል፤ እርሷም በቤተሰቧ ግፊት እንግሊዛዊ መሐንዲስ አገባች። ሲሳ በወታደሮች መካከል ስትሄድ ደግሞ የእናቱን ታሪክ አለማስታወስ ይከብዳል። ቴዎዶራ አሎንሶ፣ ሪዛል ገና የ10 ዓመት ልጅ አካባቢ ሳለ፣ በሐሰት ተከስሳ ከካላምባ እስከ አውራጃው ከተማ እስከ ሳንታ ክሩዝ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሯ እንድትሄድ ተደርጋ፣ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ታስራለች። ባለጠጋና የተማረች ነበረች፤ በዚያ መንገድ ላይ ግን እንደ ሲሳ ተነዳች።

መጨረሻቸው ምን ሆነ?

ሲሳ የምትሞተው በገና ዋዜማ ሌሊት በጫካ ውስጥ ነው። ባሲልዮ አግኝቷት ይከተላታል፤ እርሷ ወታደር እየመጣ መስሏት ትሸሻለች። ልጁ ከዛፍ ወድቆ ራሱን ሲስት አቅፋ ታየዋለች፤ ፊቱን ትለየዋለች፤ አእምሮዋ በተመለሰባት በዚያች ቅጽበት ነፍሷ ትወጣለች።

ማሪያ ክላራ ማኒላ ወደሚገኘው የቅድስት ክላራ ገዳም ትገባለች፤ አባ ሳልቪም በዚያው ገዳም ለማገልገል ይሾማል። ደራሲው ከዚህ በኋላ ስለ እርሷ የሚናገር ሰው አላገኘሁም ይላል። የሚያወራው ስለ አንድ የማዕበል ሌሊት ብቻ ነው፤ ሁለት ዘበኞች በመብረቁ ብርሃን በገዳሙ ጣሪያ ላይ ነጭ የለበሰች ሴት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ ስታለቅስ አዩ። በማግስቱ የመንግሥት ተወካይ ሊመረምር መጣ። ልብሷ የረጠበና የተቀደደ አንዲት መነኩሲት እያለቀሰች ሕግ እንዲጠብቃት ለመነችው፤ የሚደረግባትንም ነገረችው። እመ ምኔቷ ግን እብድ ናት አለች። ሰውየው ያንን ቃል ተቀብሎ ወጣ፤ በሩ ተዘጋ፤ ሪዛልም የመነኩሲቷን ስም አልጻፈውም።